ዟሪዋ እትዬ ነፊሳ

ልጇ ዘይነባ የደወለችልኝ ወልቂጤ ገበያ ውስጥ ቲማቲም ስመርጥ ነው። «ቲቸር፣ እማዬ ሱብሒ ላይ ወደ አኼራ ሄደች። ቀብሩ ከዙሁር በኋላ ነው፤ ከደረስሽ ድረሺ» አለችና ዘጋችው። እሷም እንደ እናቷ ናት፤ ወሬ አታንዛዛም። ቲማቲሙን እዚያው ትቼ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ።

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ዓይኔን አይተው፣ «ለቅሶ ነው እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ነው አልኳቸው። የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። የነፊሳ፣ ቡታጅራ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ትሠራ የነበረችው፣ አልኩ። ትንሽ አሰቡና ፊታቸው በራ።

«እህ! ዟሪዋ!»

ሌላ ቀን ቢሆን ዝም እል ነበር። እኔ በዝምታዬ የታወቅኩ ሰው ነኝ፤ ዝምታዬ ምን እንዳደረገም ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። የዚያን ቀን ግን ደሜ ፈላ። «አዎ! ዟሪዋ!» አልኩ፣ ሹፌሩ በመስታወቱ እስኪያየኝ ድረስ ጮክ ብዬ። «ዟሪዋ ናት የሞተችው! እኔም አብሬያት ስዞር ኖሬአለሁ!» ሴትዮዋ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። አሁንም አልቆጨኝም።

ወንድ ሲዞር ንግድ ነው፣ ሥራ ፍለጋ ነው፣ ቢጠፋ ቢጠፋ ነፋስ መቀበል ነው። ሴት ስትዞር ግን ዟሪ ናት፤ በቃ፣ ሌላ ስም የላትም። እትዬ ነፊሳ ይህን ስም ሃያ ዓመት ሙሉ ተሸክማ ኖረች ልል ነበር። ስህተት ነው። እሷ ምንም ነገር መሸከም የተወች ሴት ናት።

ቡታጅራ የሄድኩት ዕጣ ደርሶኝ ነው። ጎጃሜ ነኝ፣ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ በከተማው ውስጥ አንድ የማውቀው ሰው አልነበረኝም። የዘቢዳር ተራራ ከክፍሌ መስኮት ሙሉ ለሙሉ ይታያል። እኔ ግን ጀርባዬን ለሱ ሰጥቼ ልጆቹን ስለ አልፕስ ተራሮች አስተምር ነበር። ይሄ ነገር አንድ ቀን እንኳ አላሳቀኝም፤ መጀመሪያ የሳቀችብኝ እሷ ናት።

ያገኘኋት ማስረጃዬን ላስገባ መዝገብ ቤት ስሄድ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች ሴት። ፋይል ስትፈልግ መደርደሪያውን አታይም፤ እጇን ትሰድና ታወጣዋለች። «ይኸው፣ እርስዎ ዘንድ ላስገባ ብዬ...» ስላት ከመነጽሯ በላይ አየችኝ።

«እርስዎ አትበይኝ። እርስዎ ሲሉኝ ጉልበቴን ይይዘኛል። ገና ተራራ የምወጣ ሰው ነኝ። ቅዳሜ ምን አለሽ?»

«ደብተር አርማለሁ።»

«እሱን እሑድ ታርሚዋለሽ። ጠዋት አንድ ሰዓት በርሽ ላይ ነኝ።»

የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት እማማ ዙበይዳ ነገሩን ሰምተው ዓርብ ዕለት ወደ ክፍሌ መጡ። «ልጄ፣ ከሷ ጋር አትታዪ። ዟሪ ናት። ያንቺንም ስም ታጠፋዋለች» አሉኝ። ፈራሁ፤ ግን እምቢ ማለትም አፈርኩ። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። የሠላሳ ልጆች ደብተር በፌስታል አጭቄ ይዤ ወጣሁ፤ ሰው ቢያየኝ ለሥራ ነው የምሄደው እላለሁ ብዬ።

እትዬ ነፊሳ ፌስታሉን አየችው። «ምንድነው ይሄ?»

«ደብተር ነው። እዚያ ቁጭ ስንል አርማለሁ ብዬ...»

«የማንን ነው የምታርሚው? የዝንጀሮ?» ከእጄ መንትፋ ወስዳ አልጋዬ ላይ ወረወረችው። ጃንጥላዬንም ተቀበለችኝ። «ስሚኝ ጎጃሜ። እዚያ አቀበት ላይ ሴት ሁሉ ተሸክማ ነው የምትሄደው። እንጨት፣ ውሃ፣ ቆጮ፣ ልጅ። እኔና አንቺ ባዶ እጃችንን ነው የምንወጣው። ሕጉ ይሄ ነው። ካልሆነ ቅሪ።»

መንገዱ አጭር ነው። ከከተማው በላይ ካለው ባሕር ዛፍ ይነሳል፤ በእንሰት ጓሮዎች መሀል ያልፍና ቀጥ ያለ አቀበት ይወጣል። ከዚያ ገደሉ ጫፍ ላይ ይደርሳል። ገደሉን ጥግ ጥጉን ሩብ ሰዓት ያህል ይሄድና በምንጩ በኩል ወርዶ እዚያው ባሕር ዛፉ ጋ ይገጥማል። ሁለት ሰዓት አይፈጅም፤ ለሷ ማለቴ ነው። እኔ የመጀመሪያው ቀን ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ፤ አራቴ ተቀመጥኩ፣ አንዴ አለቀስኩ።

እሷ በኮንጎ ጫማዋ ፊት ፊቴ ትሄዳለች። እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ማሳውን እንደሚጎበኝ ገበሬ። ሴት እንደዚያ ስትሄድ አይቼ አላውቅም ነበር። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ከሸክማቸው ሥር አንገታቸውን ጠምዘዝ አድርገው፣ «ነፊሳ፣ ወዴት ነው?» ይሏታል።

«ዞሬ ልመለስ!» ትላለች። ሁልጊዜ ይቺኑ፣ ሁልጊዜ ጮክ ብላ። አንዳንዶቹ ይስቃሉ። አንዳንዶቹ «አላህ ያቅናሽ» ይላሉ፤ ምርቃት ይሁን ሹፈት አይለይም። እሷ ግን ለሁሉም «አሚን» ትላለች።

ጫፉ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። እኔ ከሩቅ ቆሜ አልጠጋም ስል እጄን ይዛ ጎተተችኝና በሆዴ አስተኛችኝ። ከድንጋዩ በታች መሬት የለም። ታች፣ በጣም ታች፣ ቡታጅራ ቆርቆሮዋ ፀሐይ መትቶት ያበራል፤ ከዚያ ወዲያ ሜዳው ዝርግት ብሏል፤ ከሜዳው ጫፍ ላይ ዝዋይ ሐይቅ ብልጭ ይላል። ካርታ ላይ ስንቴ የሳልኩትን አገር ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ያኔ አንድ አሞራ ክንፉን ዘርግቶ ከበታቻችን አለፈ።

«አየሽው?» አለችኝ። «የአሞራ ጀርባ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚያየው የአሞራ ሆድ ነው። ጀርባው ላይ ነጭ አለበት፤ ሰፊ ነጭ። ከታች ሆኖ የሚያይ ሰው ይህን ሳያውቅ ይሞታል።

የራሷን ነገር የነገረችኝ እዚያው ድንጋይ ላይ ነው። ባሏ መርካቶ ይነግድ ነበር፤ ለአረፋ ይመጣል፣ ይሄዳል። እሷ ከአማቷ ጋር ሆና ልጆች ታሳድጋለች፣ ከሥራ መልስ እንጨት ትለቅማለች። ያኔ ጫካው እስከ ጫፉ ይደርስ ነበር። አንድ ቀን እዚህ ቦታ ላይ የሸክሟ ገመድ ተበጠሰና እንጨቱ በሙሉ ገደል ገባ። «ልጮህ ቀና አልኩ» አለችኝ። «ተናድጄ ነው ቀና ያልኩት። ከዚያ አየሁ። ያ ረቢ! ሃያ ዓመት ስወጣ ስወርድ ይህን አላየሁም። ያየሁት መሬት መሬቱን ነው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለእንጨቱ እንዳይመስልሽ።»

በሳምንቱ ባዶ እጇን ተመልሳ ወጣች። አማቷ «ለምን?» አሏት። «ለማየት» አለች። ባሏ ለአረፋ ሲመጣ ሚስትህ ዟሪ ሆነች ብለው ነገሩት፤ ተይ አላት። «ቅሪ ካልከኝ እቀራለሁ፤ ግን መጀመሪያ አንዴ አብረኸኝ ውጣና እየው» አለችው። አልወጣም። ሳይወጣ ሞተ። ይህን ስትነግረኝ ብቻ ነው ድምፅዋ የቀነሰው። «እልኸኛ ነበር» አለች፤ ከዚያ ሳቀች፤ «እኔስ?»

እንዲህ እንዲህ እያልን ሁለት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ዞርን። ስሜ ጠፋ፣ እግሬ ጠነከረ። ተማሪዎቼንም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙሬ ማስተማር ጀመርኩ።

በሦስተኛው ዓመት ወሬ መጣ። ወጣቶች በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተዋል፤ ቀበሌው የገደሉን ጫፍ ለድንጋይ ካባ ሊሰጣቸው ነው፤ ጠፍጣፋው ድንጋይ ተፈልጦ ይሸጣል፣ ቦታው ይታጠራል። እትዬ ነፊሳ ቀበሌ ሄደች። ልጆቹ ሥራ አያግኙ አላለችም። «ተራራው ሁሉ ድንጋይ ነው። ከምንጩ ወዲያ ፍለጡ። ጫፉን ተዉት፤ መንገድ ነው» አለች። በማግስቱ ከተማው ውስጥ አዲስ ስም ወጣላት፦ ፀረ-ልማት።

«ዟሪ ነበርኩ፤ አሁን ደግሞ እድገት አገኘሁ» አለችኝ፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ሻይ እየጠጣች።

ሰኞ ዕለት ዳይሬክተራችን ቢሮው ጠራኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። «አንቺ እንግዳ ነሽ። ይህ ስም አንዴ ከተለጠፈብሽ ዝውውር የሚባል ነገር እርሺው። ረቡዕ ስብሰባ አለ፤ ብትመጪም ዝም ብለሽ ተቀመጪ» አለኝ። እናቴ ታማ ስለነበር ዝውውር ጠይቄ ነበር። ዳይሬክተሩ ያውቃል።

በዚያ አገር መንገድ ቀልድ አይደለም። ጀፎረ የሚሉት አላቸው፤ በመንደሩ መሀል የሚያልፍ ሰፊ ሣራማ መንገድ፣ ማንም አጥር የማያስጠጋበት፣ ማንም የማያርሰው። የአገር ሽማግሌ አንድን ነገር መንገድ ነው ካለ ቀበሌም ዝም ብሎ አይደፍረውም። ስለዚህ ረቡዕ ዕለት የቀበሌው አዳራሽ ሲሞላ ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ ይሄ መንገድ ነው ወይስ አይደለም? ከፊት ሦስት ሽማግሎች ተቀምጠዋል፤ መሀል ላይ ሰባውን የዘለሉት ሐጂ ሙዘይን፣ ስንቱን የድንበር ጠብ የፈረዱ ሰው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ተነሳ። ወጣት ነው፤ የኛው ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረ። «መንገድ ማለት ከአንድ ቦታ ተነስቶ ሌላ ቦታ የሚያደርስ ነው» አለ። «ይሄ የት ያደርሳል? እትዬ ነፊሳ ራሷ ትንገረን።»

«ወደ ተነሳሁበት» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩ እጆቹን ዘረጋ፤ «በቃ! ራሷ ተናገረች!»

እሷ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። «አንተ ዛሬ ጠዋት ከየት ወጣህ?»

«ከቤቴ ነዋ።»

«ከዚህ ስትወጣስ የት ነህ?»

«ቤቴ...»

«ታዲያ የት ደረስክ?» አሁን ሳቁ ወደሱ ዞረ። እሷም አልማረችውም፤ «ፋይልህ እኔ ጋ ነው ልጄ። ጂኦግራፊ ስንት እንዳመጣህ አውቃለሁ። ግን አልናገርም፤ የመዝገብ ቤት ነገር ምስጢር ነው።»

ሊቀመንበሩ ፊቱ ጠቆረ። ጠረጴዛውን መታ። «ለአንድ ሰው ተብሎ መንገድ አይባልም! ከእትዬ ነፊሳ ሌላ በገደሉ ጥግ የሚሄድ ሰው ካለ እጁን ያውጣ!»

እኔ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ነበርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የሄድኩ። ዳይሬክተሩ ከፊቴ ተቀምጧል፤ ጆሮው ሲቀላ አየዋለሁ። እጄ ጉልበቴ ላይ ነው። አንሺ አልኩት ራሴን። አልተነሳም። እሷ ዞር ብላ አላየችኝም። ብታየኝ ይሻለኝ ነበር።

«ማንም የለም» አለ ሊቀመንበሩ።

ሐጂ ሙዘይን ዱላቸውን ወለሉ ላይ አንኳኩ። «ሽማግሌ ባልረገጠው ነገር አይፈርድም። ቅዳሜ ወጥተን እናየዋለን» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ትቀራለች ብዬ ነበር። አንድ ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። «ተነሺ ጎጃሜ፤ ዛሬ ብዙ ሰው ነን» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። እኔም ይቅርታ ሳልል ተከተልኳት።

ባሕር ዛፉ ጋ ሽማግሎቹ፣ ሊቀመንበሩና የተወሰኑ ወጣቶች ቆመዋል። እትዬ ነፊሳ ፊታቸው ቆማ ሕጉን አነበበች። «ባዶ እጅ ነው። ሐጂ፣ ዱላው ይፈቀድልዎታል። ጃንጥላው ግን ይቅር።»

«ዝናብ ቢመጣስ?» አሉ ሐጂ።

«እንበሰብሳለና!»

ሐጂ ሳቁና ጃንጥላቸውን ለባሕር ዛፉ ዘበኛ ሰጡ። ሊቀመንበሩ ብቻ እምቢ አለ፤ አጀንዳውን ብብቱ ሥር እንደሸጎጠ ወጣ። መንገድ ላይ እንጨት የተሸከመች ሴት ሰልፉን አይታ ገርሟት፣ «ነፊሳ፣ ወዴት ነው ይሄ ሁሉ ሰው?» አለች። «ዞረን ልንመለስ!» አለች እትዬ ነፊሳ። ሐጂ ሙዘይን ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

አቀበቱ ላይ ስንቴ አረፍን። ጫፉ ላይ ስንደርስ ሽማግሎቹ ሜዳውን አዩ፣ ሐይቁን አዩ። ከዚያ አሞራው መጣ፤ ከበታቻችን፣ ቀስ ብሎ፣ ክንፉን ሳያንቀሳቅስ።

«ሱብሃነላህ» አሉ ሐጂ። «ጀርባው ነጭ ነው እንዴ?» ዱላቸውን ተደግፈው ብዙ ቆዩ። «እኔ እኮ እዚሁ ሥር ነው የተወለድኩት» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ሊቀመንበሩ ቸኩሏል። «እንግዲህ ሐጂ፣ እንዳዩት የትም አያደርስም።»

ሐጂ ዞሩ። «እኔን ሰባ ዓመት ያልደረስኩበት አድርሶኛል። መንገድ ነው። አጀንዳ ይዘሃል አይደል? ጻፈው!»

ጻፈው። ካባው ከምንጩ ወዲያ ሆነ፤ ልጆቹም እዚያ ፈለጡ፣ ሥራ አገኙ። እትዬ ነፊሳ ግን ዋጋ ከፈለች። ደረጃ እድገቷ ሦስት ዓመት ተንጠለጠለ። ስትጠይቅ ምን እንዳሏት ታውቃላችሁ? ፋይልሽ ጠፋ! «መዝገብ ቤት ለምትሠራ ሴት ፋይልሽ ጠፋ ይባላል?» እያለች እስክትሞት ሳቀችበት። ቅዳሜ ግን አንድም ቀን አልቀረችም።

የኔን ነገር ያነሳችው ከወራት በኋላ ነው፤ አንዴ ብቻ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጠን ነበር። «ያን ቀን እጅሽ ባዶ አልነበረም» አለችኝ።

«የትኛው ቀን?» አልኩ፣ እያወቅኩ።

«አዳራሹ ውስጥ። ፍርሃት ይዘሽ ነበር። በሁለት እጅ ነው የሚያዘው እሱ፤ በምን እጅሽ ታወጪ?» እንባዬ መጣ። በትከሻዋ ገፋ አደረገችኝ። «አታልቅሺ ባክሽ። ሌላ ቀን ታወጪዋለሽ።»

ዝውውሬ እስከ ወልቂጤ አመጣኝ፤ ጎጃም አልደረሰም። እናቴን የቀበርኩት ከወልቂጤ ሄጄ ነው። ለእትዬ ነፊሳ በስልክ ስነግራት፣ «ቅዳሜ ነይ» አለችኝ። ሄድኩ፤ ዞርን። ከዚያ በኋላም በመጣሁ ቁጥር ዞርን፤ ኩላሊቷ እስኪያስተኛት ድረስ።

ግቢው ስደርስ ሰዉ ሞልቷል። ወንዶቹ አስከሬኑን ሊያነሱ ተነስተዋል። የያኔው ሊቀመንበርም አለ፤ አሁን ወረዳ ነው የሚሠራው፣ ፀጉሩ ሳስቷል። ባጠገቡ ሳልፍ ለጓደኛው በቀስታ ሲናገር ሰማሁት፤ «እንግዲህ የካባው ማስፋፊያ ይቀላል። የምትሄድበት እሷ ብቻ ነበረች።»

ገና አፈር ሳትለብስ!

ተሸክመዋት ወጡ። እኛ ሴቶቹ እንደ ወጉ ቤት ቀረን። ዘይነባን አቅፌ ካለቀስኩ በኋላ የሰማሁትን ነገርኳት። ዘይነባ እንባዋን በሻሿ ጠረገችና ለእንግዶቹ ያነሳችውን ትሪ መልሳ አስቀመጠች። «ተነሺ ጎጃሜ» አለችኝ። በናቷ ድምፅ።

ወደ ተራራው ልንወጣ መሆኑ ሲገባቸው ሴቶቹ አጉረመረሙ። በለቅሶ ቀን? ምን ይባላል? ዟሪ የሚለው ቃል ከአንድ ጥግ ተሰማ። መጀመሪያ የተነሱት፣ አላህ ምስክሬ ነው፣ እማማ ዙበይዳ ናቸው፤ ያኔ ስምሽን ታጠፋዋለች ያሉኝ። ዘንቢላቸውን ብብታቸው ሥር አደረጉና ወደ በሩ መጡ። ዘይነባ እጇን ዘረጋች፤ «እማማ፣ ሕጉን ያውቁታል።» ዘንቢሉን ሰጧት። ከሳቸው በኋላ ሌሎች ተነሱ። ዘጠኝ ሆንን።

ባሕር ዛፉ ጋ ስንደርስ ወንዶቹ ከቀብር ይመለሳሉ። ከፊት ከፊት የያኔው ሊቀመንበር ነው። ዘጠኝ ሴቶች፣ ምንም ያልያዝን፣ እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን አቀበቱን ስንጀምር አይቶ ቆመ።

«ሴቶች! በለቅሶ ቀን ወዴት ነው?»

እጄን አወጣሁ። እንደ ተማሪ፣ እስከ መጨረሻው ዘርግቼ፣ ባዶውን።

«ዞረን ልንመለስ!» አልኩት።